የጎርናናው ክር ዜማ፦ ጃክ ብሩስና ቤዝ ጊታሩ

በዘመናዊ የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሳይታወቅ የሚያገለግለው መሣሪያ ቤዝ ጊታር ነው። አድማጭ ድምፃዊውን ያያል፤ የመሪ ጊታሩን ጣቶች ይከተላል፤ የከበሮ መቺውን ክንድ ያደንቃል። ቤዙን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተውለው ሲቋረጥ ነው። የቤት መሠረት ከአፈር በታች እንደሚቀር ሁሉ፣ የቤዝ ተጫዋችም ከሌሎቹ ድምፅ ሥር ተቀብሮ፣ ምቱን ከዜማው ጋር እያስተሳሰረ ይኖራል። ይህን ድልድል ያለ ማጉረምረም የተቀበሉ ብዙ ጥሩ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ስኮትላንዳዊው ጃክ ብሩስ ግን አልተቀበለውም። በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜው ያተረፈውም ያጣውም፣ ነገሩ በጥሞና ሲመረመር፣ ከዚሁ እምቢታው ጋር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል።

ብሩስ የተወለደው ሜይ 14 ቀን 1943 ከግላስጎ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በቢሾፕብሪግስ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቤተ ሰቡ የወዛደር ቤተ ሰብ ነበር። አባቱ የጃዝ ሙዚቃ ወዳጅ ሲሆን፣ እናቱ የስኮትላንድን ሕዝብ ዘፈኖች ታዜም ነበር። ወላጆቹ በካናዳና በአሜሪካ ብዙ ስለ ተዘዋወሩ፣ ልጁ ግላስጎ በሚገኘው በቤላሂውስተን አካዳሚ ትምህርቱን እስኪፈጽም ድረስ 14 ትምህርት ቤቶችን ቀያይሯል። ከዚያም በነጻ የትምህርት ዕድል ወደ ስኮትላንድ ንጉሣዊ የሙዚቃ አካዳሚ ገብቶ ቼሎና የሙዚቃ ድርሰት ይማር ጀመር። ማታ ማታ ግን ከዳንስ ባንዶች ጋር ጃዝ ይጫወት ነበር። አካዳሚው ይህን ባወቀ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ቁርጡን ነገረው፤ ወይ ጃዙን ትቶ ይማር፣ ወይ ትምህርቱን ትቶ ይሂድ። ብሩስ ሄደ።

እንዲህ ያለው ፍርድ በዚያ ዘመን እንግዳ አልነበረም። የአውሮፓ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች በአመዛኙ ጃዝን የመሸታ ቤት ድምፅ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። የሚያስደንቀው ሌላ ነው፤ ትምህርት ቤቱን ጥሎ የወጣው ተማሪ ትምህርቱን አልጣለውም። ብሩስ የቤዝ ዜማ እንዴት እንደሚጻፍ ያስተማረ ታላቁ መምህር ዮሐን ሰባስቲያን ባህ መሆኑን በሕይወቱ ሙሉ ሲናገር ኖሯል። በባህ ድርሰት ውስጥ ዝቅተኛው ድምፅ የራሱ መነሻ፣ የራሱ መንገድ፣ የራሱ ማረፊያ አለው፤ ከላይኛው ዜማ ጋር እኩል ይሟገታል፤ አንዳንዴም ይመራዋል። (የበገናን ድምፅ የሚያውቅ ጆሮ፣ ጎርናና ክር ብቻውን ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል ሌላ ማስረጃ አያሻውም።) ወጣቱ ከአካዳሚው ሲወጣ በልቡ ይዞት የሄደው ይህንን ነበር፤ ጭፈራ ቤት ውስጥ የሚሠራበት መሆኑ ነው ልዩነቱ።

በጣሊያን ከአንድ የዳንስ ባንድ ጋር ከተዘዋወረ በኋላ በ1962 ለንደን ገብቶ የአሌክሲስ ኮርነር «ብሉስ ኢንኮርፖሬትድ» ባንድ አባል ሆነ። በዚያን ጊዜ የሚጫወተው ተጫዋቹ ቆሞ የሚያቅፈውን፣ ከሰው ቁመት የማያንሰውን ኮንትራባስ ነበር። የባንዱ ከበሮ መቺ ቻርሊ ዋትስ ጥቂት ቆይቶ ወደ «ሮሊንግ ስቶንስ» ሲሄድ በቦታው ጂንጀር ቤከር ተተካ። በ1963 የኦርጋን ተጫዋቹ ግራሃም ቦንድ ብሩስንና ቤከርን ይዞ የራሱን ባንድ አቋቋመ፤ ብሩስ ኮንትራባሱን አስቀምጦ ኤሌክትሪኩን ቤዝ ጊታር ያነሣውም እዚሁ ነው።

ጠቡም የሚጀምረው እዚሁ ነው። ቤከር ከጎኑ የቆመው ቤዝ ምቱን ጠብቆ እንዲሄድለት ይሻል፤ ብሩስ ደግሞ በምትና በምት መካከል የራሱን ዜማ ያስገባል። ለቤከር ይህ ልፍለፋ ነበር። ነገሩ ከቃል አልፎ መድረክ ላይ እስከ መደባደብ ደረሰ፤ በመጨረሻም በ1965 ቤከር ብሩስን ከባንዱ አስወጣው። ስለ ሁለቱ የጻፉ ሰዎች አብዛኛዎቹ ይህን የጠባይ ጉዳይ አድርገው ይተርኩታል። ጠባይም አለበት፤ ሁለቱም ግልፍተኞች ነበሩ። ሥሩ ግን የሙያ ክርክር ነው፤ ዝቅተኛው ድምፅ ምትን ያገልግል ወይስ ዜማን? ክርክሩ ሐቀኛ ነበርና ለአርባ ዓመታት ያህል አልበረደም።

ብሩስ ከዚያ በኋላ በጆን ሜየል ባንድ ለአጭር ጊዜ፣ በማንፍሬድ ማን ባንድም ለጥቂት ወራት ሠራ። በ1966 «ፕሪቲ ፍላሚንጎ» የተባለው የማንፍሬድ ማን ዘፈን በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ ቤዙን የተጫወተው እርሱ ነው። ግን አልቆየበትም። በዚያው ዓመት ቤከር አዲስ ባንድ ለማቋቋም አስቦ የጊታር ተጫዋቹን ኤሪክ ክላፕተንን ጠየቀው። ክላፕተን ብሩስን በሜየል ባንድ ያውቀው ነበርና እርሱ ካልገባ አልገባም አለ። ስለዚህ ቤከር ያባረረውን ሰው መልሶ ለመጥራት ተገደደ። ባንዱን «ክሪም» አሉት፤ ከወተት ላይ የሚሰፈፈው ስልባቦት፣ ምርጡ ክፍል ማለታቸው ነው። ስሙ ትምክሕት አለበት፤ ሐሰት ነው ለማለት ግን ያስቸግራል።

የባንዱ አቋም ለብሩስ እንደ ተቈረጠ ልብስ ነበር። በሮክ ባንድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊታሮች ይኖራሉ፤ አንዱ ዜማ ሲያወጣ ሌላው ከሥር ኅብረ ድምፁን ይሞላል። ክሪም ሦስት ሰዎች ብቻ ስለ ነበሩት ሁለተኛ ጊታር አልነበረውም። ክላፕተን ብቻውን ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ሰፊ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ብሩስ ያንን ቦታ እንደ ርስት ያዘው። የመረጠው መሣሪያ ጊብሰን ኢቢ ሦስት የተባለው ቤዝ ሲሆን፣ የክሩ ርዝመት 77 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በሰፊው ከተለመደው የፌንደር ቤዝ በ9 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። አጭር ክር ላላ ይላል፤ ጣት በቀላሉ ይጎትተዋል፤ ድምፁም ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው እንደ ሰው ጉሮሮ ይንሸራተታል። ይህ ድምፅ በታላላቆቹ የማርሻል ማጉያዎች አልፎ ሲወጣ አጃቢ መሆኑ ያከትማል። በማርች 1968 በሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ የተቀረጸውን «ክሮስሮድስ» አንድ ጊዜ ጊታሩን ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ቤዙን ብቻ ተከትሎ ያዳመጠ ሰው ሁለት የተለያዩ ድርሰቶች የሰማ ይመስለዋል። ሁለቱም ዘፈኑን ሳይለቁ ይጓዛሉ፤ አንዱም ሌላውን አይጠብቅም።

ብሩስ የባንዱ ዋና ድምፃዊና ዋና የዜማ ደራሲም ነበር። ግጥሙን በአብዛኛው የሚጽፍለት ገጣሚው ፒት ብራውን ነው። በጃንዋሪ 1967 ጂሚ ሄንድሪክስ ለንደን ውስጥ ያቀረበውን ትርኢት ተመልክቶ ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ «ሰንሻይን ኦቭ ዩር ላቭ» የተባለውን ዘፈን የተሸከመውን ተደጋጋሚ ሐረገ ዜማ ፈጠረ። በየአገሩ ጊታር የሚለማመድ ወጣት ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶቹ አንዱ አድርጎ የሚይዘው ያ ሐረግ የቤዝ ተጫዋች ሥራ መሆኑን ስንቱ ያውቃል? «ኋይት ሩም» በአምስት ምት ይከፈታል፤ ይህም በዘመኑ የሮክ ሙዚቃ ከተለመደው አራት ምት ያፈነገጠ ነው። በ1968 በወጣው «ዊልስ ኦቭ ፋየር» በተባለው ድርብ ሸክላ ውስጥ ደግሞ «አዝ ዩ ሴድ» የሚል ዘፈን አለ፤ ክላፕተን የለበትም፤ ኤሌክትሪክ ቤዝም የለበትም። ብሩስ እየዘፈነ ጊታርና ቼሎ ይጫወታል። ግላስጎ ላይ ከሁለት አንዱን ምረጥ የተባለው ልጅ መልሱን የሰጠው በዚህ ዘፈን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሦስቱ ሰዎች ግን አብረው መኖር አልቻሉም። ማጉያዎቹ በበዙ ቁጥር መደማመጡ ቀነሰ፤ የድሮው ክርክርም ተመለሰ። ኖቬምበር 26 ቀን 1968 በለንደኑ ሮያል አልበርት አዳራሽ ተሰናበቱ። ብሩስ ያን ቀን ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር።

ገበያው ከእርሱ የሚጠብቀው ግልጽ ነበር፤ ሌላ ክሪም። እርሱ ግን ክሪም ሳይበተን፣ በ1968 ክረምት፣ ኮንትራባሱን አንሥቶ ቃል የሌለው የጃዝ ሸክላ ቀርጾ ነበር። በ1969 ያወጣው «ሶንግስ ፎር ኤ ቴይለር» ርእሱ ለልብስ ሰፊ የተዘፈኑ ማለት ሲሆን፣ የክሪምን ልብስ ትሰፋ የነበረችና በዚያው ዓመት በመኪና አደጋ የሞተች ወጣት መታሰቢያ ነው። በ1971 የግላስጎን መንገድ ስም የያዘው «ሃርመኒ ሮው» ተከተለ። በዚህ ሸክላ ፒያኖው፣ ቤዙና ድምፁ በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ እንደሚነጋገሩ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የኅብረ ድምፁም አካሄድ አድማጭ ከጠበቀበት አያርፍም። እንደ ክሪም ሸክላዎች አልተሸጠም። ሆኖም የብሩስን የድርሰት ችሎታ ለመመዘን የሚሻ ሰው ከታላላቆቹ የመድረክ ቅጂዎች ይልቅ ይህንን ቢያስቀድም ይሻላል።

በ1970 አሜሪካዊው ከበሮ መቺ ቶኒ ዊልያምስ ወደ መሠረተው «ላይፍታይም» ገባ፤ ጊታሩን ጆን ማክላውሊን፣ ኦርጋኑን ላሪ ያንግ ይዘው ነበር። ጃዝና ሮክ በብርቱ እሳት የተጋጩበት ባንድ ነው፤ ዕድሜው ግን አጠረ። በካርላ ብሌይ ሰፊ የጃዝ ኦፔራ፣ በ1971 በወጣው «ኤስካሌተር ኦቨር ዘ ሂል»፣ ቤዝ ተጫውቷል፤ ዘፍኗልም። ከ1972 ጀምሮ ከሌስሊ ዌስትና ከኮርኪ ሌይንግ ጋር ያቆመው ሦስትዮሽ ግን የክሪምን ጥላ ሲያሳድድ የቀረ ሥራ ነው፤ ብዙ ሊባልበት አይገባም።

በእነዚሁ ዓመታት ሄሮይን ያዘው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካገኘው ሀብት የሚበዛው አልቆ ነበር። የማይነጥፍ ችሎታ ያለው ሰው መክሊቱን በመርፌ ሲያባክን ማየት ያሳዝናል፤ ይህንንም የዝና ጌጥ አድርገው የሚያወሩት አሉ። ጌጥ አልነበረም። ብሩስ ቀስ በቀስ ወጣበት፤ በ1980ዎቹ ኪፕ ሃንራሃን ኒው ዮርክ ላይ የካሪቢያንን ከበሮዎች ከግጥም ጋር ባዋሐደባቸው ሸክላዎች ውስጥ እንደ ገና ትኩስ ድምፅ ሆኖ ተሰማ። በእነዚያ ከበሮዎች መካከል ምትን የሚጠብቅ ሌላ ብዙ እጅ ስላለ ቤዙ እንደ ልቡ ይዘፍናል።

በ1997 የሙዚቃ ሰው የነበረው ልጁ በአስም ሞተበት። በ2003 ራሱ የጉበት ነቀርሳ ተገኘበትና የጉበት ንቅለ ተከላ ተደረገለት፤ ሰውነቱ አዲሱን ጉበት አልቀበል ብሎ ለሞት ተቃርቦ ተረፈ። በሜይ 2005፣ ከ37 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ክሪም በዚያው በሮያል አልበርት አዳራሽ ለአራት ሌሊት ተጫወተ። ድምፁ ቀጥኗል፤ ጣቶቹ ግን ያን አሮጌ ክርክር አልረሱትም ነበር። በጥቅምት ወር አካባቢ በኒው ዮርክ ሦስት ሌሊት ሲደግሙት የቤከርና የብሩስ ጠብ አብሮ ተደገመ፤ ምክንያቱም እንደ ዱሮው የድምፅ ማጉያ ነበር።

በማርች 2014 በለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ የተቀረጸውን «ሲልቨር ሬይልስ» አወጣ። ከሰባት ወር በኋላ፣ ኦክቶበር 25 ቀን፣ በሰፎክ አውራጃ አረፈ። ኖቬምበር 5 ቀን ለንደን ውስጥ ጎልደርስ ግሪን ላይ ሲሸኝ ክላፕተን መጥቶ ነበር። ጂንጀር ቤከርም መጥቶ ነበር።