በበረዶ ላይ ገና

ከካናዳ ለበዓል የመጣው የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ፊልም ከፈተልን። ዘመኑ 2012 ዓ.ም.፣ ቀኑ የልደት ማግስት፣ ቦታው ግምጃ ቤት፣ ከአያቴ ምድጃ አጠገብ ነው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከእሳቱ ሌላ ብርሃን የሚሰጠን ያ ላፕቶፕ ብቻ ነበር። በውስጡ የራስ ቁር የደፉ ሰዎች ጫፉ የቆለመመ በትር ይዘው፣ እንደ መስተዋት በሚያብረቀርቅ ነጭ ሜዳ ላይ እየተንሸራተቱ አንዲት ጥቁር ነገር ያሳድዳሉ። አያቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ጥቂት ተመለከቱና፣

«ይህማ ገና ነው» አሉ።

የአክስቴ ልጅ ሳቀ። «አይ አባባ፤ ሆኪ ይባላል። የፈረንጅ ጨዋታ ነው።»

«ስሙን ፈረንጅ ያውጣለት፤ ጨዋታውን አውቀዋለሁ። ይልቅስ ምድሩ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያበራው?»

በረዶ መሆኑን ነገራቸው። አያቴ በረዶን የማያውቁ ሰው አልነበሩም። አገራችን ደጋ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩን አመዳይ አልብሶት የምናገኝበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ለእርሳቸው በረዶ ማለት በአንድ ከሰዓት የዓመት ልፋት የሚያወድም የአዝመራ ጠላት እንጂ ሰው የሚቦርቅበት ሜዳ ሆኖ አያውቅም።

የተመለከትነው ፊልም «ሬድ አርሚ» ወይም «ቀይ ጦር» ይባላል። ጌብ ፖልስኪ በ2014 (የፊልሞቹን ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን እቆጥራለሁ) ያቀረበው ዘጋቢ ፊልም ነው። ስለ ሶቪየት ኅብረት ብሔራዊ የሆኪ ቡድን የሚተርክ ሲሆን፣ ማዕከሉ የቡድኑ አምበል የነበረው ቪያቼስላቭ ፌቲሶቭ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ጠያቂው ይጠይቃል፤ ፌቲሶቭ ግን ስልኩን እየነካካ ዝም ይላል። ቁጣውም ንቀቱም እዚያ ዝምታ ውስጥ ይታያል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ከባድ ነው። አናቶሊ ታራሶቭ የተባለው የቀድሞው አሠልጣኝ ተጫዋቾቹን ከባሌ ዳንስና ከቼዝ እያስተማረ የገነባውን ውብ ጨዋታ፣ በኋላ የመጣው ቪክቶር ቲኮኖቭ በብረት ሥርዓት ያዘው። ተጫዋቾቹ በዓመት አሥራ አንድ ወር ያህል በካምፕ ተዘግተው ይኖራሉ። ፌቲሶቭ ወደ አሜሪካ ሄዶ ለመጫወት ሲታገል በስውር መኮብለልን አልፈለገም፤ በበሩ ካልሆነ አልወጣም ብሎ ከጦር ሠራዊቱና ከመንግሥቱ ጋር ተጋፈጠ፤ በ1989ም ተሳካለት።

ይህን ሁሉ የአክስቴ ልጅ እያቆመ ለአያቴ ሲያስረዳቸው፣ እርሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አሥራ አንድ ወር? ታዲያ ለዓውደ ዓመትም እናታቸው ቤት አይገቡም?»

የፊልም ሐያስያን ስለ ቀይ ጦር የጻፉትን አንብቤያለሁ፤ ከዚህ ጥያቄ የተሻለ አላገኘሁም።

ፊልሙ ሲያልቅ እሳቱን ቆሰቆሱና ስለ ገና ማውራት ጀመሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው አያቴ በወጣትነታቸው ገና መምታታቸውን እንጂ እንዴት ይጫወቱ እንደነበር ሰምቼ አላውቅም ነበር። የላይና የታች መንደር ተከፍሎ፣ አዝመራ በተነሣበት ቃርሚያ ላይ፣ ከታኅሣሥ መባቻ እስከ በዓሉ ዕለት ይጋጠማል። ሩሯ ከእንጨት ጉጥ ትጠረባለች፤ በሌላ አገር ከጠፍር የሚሠሯት አሉ። በትሩ የሚመረጠው ገና በዛፉ ላይ ሳለ ነው፤ ቁልምሙን ተፈጥሮ ራሷ የሠራችለት ቅርንጫፍ ከተገኘ ለዓመት ይጠበቃል። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም የሚባለውም እውነት እንደሆነ፣ ግን ሎሌው በማግስቱ መጠንቀቅ እንደነበረበት እየሳቁ ነገሩን። የግራ ቅልጥማቸውን ገልጠው ጠባሳ አሳዩን። ከአማርኛው ወደ አውኛ፣ ከአውኛው ወደ አማርኛ እየተሻገሩ ሌሊቱ ተጋመሰ።

ስልኬ በእጄ ላይ ነበር። ድምፃቸውን ልቅዳ ብዬ አሰብሁና፣ ባትሪው ሊያልቅ ስለ ነበር ለፋሲካ ስመጣ ተዘጋጅቼ እቀዳቸዋለሁ አልሁ። በዚያ ፋሲካ በወረርሽኙ ምክንያት አልሄድሁም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት አያቴ ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ የሆኪን ታሪክ የሚተርኩ ፊልሞችን እያደንሁ ማየት የጀመርሁት። በረዶ ላይ ቆሜ የማላውቅ ሰው ይህን ያህል መትጋቴ ወዳጆቼን ያስቃቸዋል፤ ለእኔ ግን ያቺን ሌሊት የማስቀጥልባት መንገድ ነበረች።

ሰፊውን ታሪክ ለሚሻ የካናዳ ብሔራዊ ማሰራጫ በ2006 ያቀረበው «ሆኪ፦ የሕዝብ ታሪክ» አለ። አሥር ክፍል ነው፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ክፍል ያንቀላፋል። ቢሆንም ጨዋታው ከወንዝና ከሐይቅ ላይ ተነሥቶ በ1875 ሞንትሪያል ውስጥ በጣራ ሥር ወደተደረገው ግጥሚያ እንዴት እንደ ገባ ለመረዳት ይጠቅማል። ስለ ናይሮቢ የሆኪ ተጫዋቾች በ2018 የተሠራውን አጭር ፊልምም አይቻለሁ፤ ልብ ይነካል፣ ነገር ግን የቡና ነጋዴ ማስታወቂያ ነው።

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ሁበርት ዴቪስ በ2022 ያቀረበውን «ብላክ አይስ» («ጥቁር በረዶ») ነው። በ1895፣ ማለትም አፄ ምኒልክ የዐድዋን ክተት ባወጁበት ዓመት፣ በካናዳዋ ሃሊፋክስ ጥቁሮች በባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናቸው ዙሪያ ተሰባስበው የራሳቸውን የሆኪ ማኅበር አቋቋሙ። ግብ ጠባቂው ሄንሪ ፍራንክሊን ወደ በረዶው ወርዶ ኳስ በማዳን፣ ኤዲ ማርቲን ደግሞ በትሩን ከፍ አድርጎ በኃይል በመምታት ቀዳሚ እንደነበሩ ይነገርላቸዋል። ዛሬ ዓለም ሁሉ እንዲሁ ይጫወታል፤ ስማቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቹ የወጡበት አፍሪክቪል የተባለው መንደር በ1960ዎቹ ፈረሰ፤ ከተማዋ ይቅርታ የጠየቀችው በ2010 ነው። ፊልሙ የዛሬዎቹ ጥቁር ተጫዋቾች የሚደርስባቸውን ስድብም አያይዞ ያሳያል፤ ይህ ክፍል ሲታይ ያማል። እኔን የያዘኝ ግን የድሮዎቹ ቡድኖች ፎቶግራፍ ነበር። በትራቸውን ደረታቸው ላይ አጋድመው ወደ ካሜራው ያያሉ፤ ድምፃቸው ግን የለም። አንድም ሰው በጊዜው ተቀምጦ አልጠየቃቸውም።

ከእርሱ ቀጥሎ «ዊሊ» የተሰኘውን የ2019 ፊልም እዩ። ዊሊ ኦሪ በ1958 ወደ ታላቁ የሰሜን አሜሪካ የሆኪ ሊግ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ቀኝ ዐይኑ አያይም ነበር፤ እንዳይከለክሉት ደብቆ ተጫወተ። ፊልሙ ሲሠራ በሕይወት ስለነበር ይህን በራሱ አንደበት ይናገራል። ልዩነቱም እርሱ ነው።

የእኛን አገር ሳስብ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚሆነው ትዝ ይለኛል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዐድዋን እያሰበ በዓሉን ሲያከብር ካሜራ በካሜራ ላይ ይደረደራል። ደስ ይላል። ካሜራዎቹ ግን የሚከተሉት የፈረሱን ግልቢያ ነው፤ ከኮርቻው የወረደውን ሽማግሌ ተከትሎ እስከ ቤቱ የሄደ ባለ ካሜራ አላየሁም። ገናማ ለዚያም አልታደለም። በባህላዊ ስፖርቶች ውድድር ላይ ቡድኖች በመለያ ልብስ ይጫወቱታል፤ የአያቴ ዓይነቱ ገና፣ ጌታና ሎሌ የሚጋጩበት፣ እዚያ የለም።

በትራቸው ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። ከምን ዛፍ እንደተቆረጠ ጎረቤት ጠየቅሁ፤ አንዱ ወይራ ነው አለኝ፣ ሌላው ሳቀበት።

ባለፈው ወር በሌላኛው መንደር ወገን ሆነው ከአያቴ ጋር ይጋጠሙ የነበሩ አንድ አዛውንት በሕይወት እንዳሉ ሰምቼ ሄድሁ። ስልኬን ሞልቼ፣ ሌላም ባትሪ ይዤ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንሁ ነገርኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥሁና ስልኩን በመካከላችን አድርጌ መቅዳት ጀመርሁ። አዛውንቱ ስልኩን አዩ፣ በትሩን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይህ ነገር የምለውን ይይዛል?»

«አዎ አባቴ፣ ይይዛል።»

«እንግዲያው ይያዝልኝ» አሉ። «ያን ዓመት አያትህ እኛን ያሸነፈባት ሩር በበትር አልተመታችም። በእግሩ ነው የገፋት።»