መሐል ላይ የቆመ የስኳር ቁጥር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም አቦከር ያሉ ጎረቤቶቼ የምርመራ ወረቀት ይዘው በሬን ማንኳኳት አልተዉም። «ሲስተር፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» ይሉኛል። አብዛኛው ወረቀት የስኳር ነው። ሰው መስማት የሚፈልገው «አለብዎት» ወይም «የለብዎትም» የሚል ቁርጥ ያለ ቃል ነው። ቁጥሩ ግን አንዳንዴ ሁለቱንም አይልም።

በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት፣ ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ምንም ሳይበሉ የተሰጠ ደም 126 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ የስኳር በሽታ ነው። ከ110 እስከ 125 ያለው መሐል ላይ የቆመ ነው። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር ደግሞ መሐሉን ከ100 ይጀምረዋል። ስለዚህ 104 ያመጣ ሰው አንዱ ጋ «ደህና ነዎት»፣ ሌላው ጋ «ይጠንቀቁ» ቢባል ማንም አልዋሸውም። 126 የሞላ ሰው እንኳ ምልክት ከሌለው፣ ምርመራው በሌላ ቀን ተደግሞ መረጋገጥ አለበት።

በጣት ጠብታ የምንለካበት ትንሿ መሣሪያም ልኳ እንደ ላቦራቶሪ አይደለም። ዓለም አቀፉ መስፈርት ከ100 በላይ ባለ ስኳር ላይ 15 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ እንድትል ይፈቅድላታል። ላቦራቶሪ 120 ያለውን ደም እሷ 102 ወይም 138 ብትለው ተበላሽታለች አይባልም።

አንድ ሐጂ የምላቸው ጎረቤት አሉኝ። አንድ ጠዋት ሻያቸውን ጠጥተው በጣት ቢለኩ 131 ወጣ። ቤተሰቡ «ስኳር ነው» ብሎ ፈረደ። ታላቅ ወንድማቸውም ለራሳቸው ከታዘዘላቸው ግሊቤንክላማይድ አካፈሏቸው። ሐጂ ምሳ ሳይበሉ ጫት ላይ እንደተቀመጡ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ተምታታ። ተጠርቼ ስለካቸው 48 ነው። መዋጥ ስለቻሉ ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጥተን ሳንውል ሳናድር ሆስፒታል አደረስናቸው፤ ያ መድኃኒት ስኳሩን መልሶ ሊጥለው ይችላልና። ከሁለት ሳምንት በኋላ በባዶ ሆድ ከደም ሥር ተቀድቶ ሲመረመር 104 ሆነ። ወንድማቸው ክፉ አስበው አይደለም፤ ቸኩለው ነው።

«መሐል ነው» የተባለውን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ጥሎ መርሳትም እንዲሁ ይጎዳል። በ2002 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት፣ ስኳራቸው መሐል ላይ የነበረ ሰዎች ትንሽ ክብደት ቀንሰው በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል እንቅስቃሴ ሲያደርጉ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የሻዩን ስኳር ቀንሶ የጁገልን ግንብ በእግር መዞር እዚህ ለማንም ሩቅ አይደለም።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ ሦስት ነገር ጠይቁ። በእርግጥ በባዶ ሆድ ነበር? የምርመራ ጾም እንደ ሁዳዴ አይደለም፤ ሽሮም ሻይም ያፈርሰዋል፣ የሚፈቀደው ውኃ ብቻ ነው። ደሙ የተወሰደው ከጣት ነው ወይስ ከደም ሥር? በዚያ ሰሞን ሕመም ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ነበር? ሁለቱም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። ከዚያ በሌላ ቀን፣ በባዶ ሆድ፣ ከደም ሥር አስደግሙ። ሐኪሙ የሦስት ወሩን አማካይ ምርመራ ካዘዘ፣ የደም ማነስ ካለባችሁ ንገሩት፤ ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ልኬቱ ሌላ ስለሆነ ነፍሰ ጡር ልጃችሁን በራሳችሁ ቁጥር አትመዝኗት።

ቀጠሮ የማይጠብቅም አለ። ልጅ ውኃ ውኃ እያለ፣ ሽንት እየተመላለሰ፣ አልጋ ላይ መሽናት ጀምሮ ከከሳ፣ ይልቁንም ካስመለሰውና አተነፋፈሱ ከፈጠነ፣ «ነገ እንደግመዋለን» አይባልም። በዚያው ቀን ጁገልም ሆነ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ።

ለሌላው ግን አንድ ደብተር ግዙ። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ተበልቶ እንደሆነ፣ በምን እንደተለካ ጻፉበት። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ከአንድ ቁጥር ይልቅ ተከታትለው የተጻፉ አራት አምስት ቁጥሮች ብዙ ይናገራሉ። የሌላ ሰው መድኃኒት ግን፣ የወንድምም ቢሆን፣ በባለቤቱ ኪስ ይቀመጥ።