የደም ምርመራ በሰው አገር

ከአገሩ የሚወጣ ተማሪ ሻንጣውን ሲያሰናዳ እናቱ በርበሬውንና ሽሮውን ትቋጥርለታለች፤ አባቱ ምክሩን ይሰጡታል፤ ጓደኞቹም የሚያመጣላቸውን ዕቃ ይቈጥሩለታል። ፓስፖርቱና የትምህርት ማስረጃው እንዳይቀር አሥር ጊዜ ይታያል። ስለ ጤናው የሚይዘው ወረቀት ግን ቢበዛ ያችው ቢጫ የክትባት ደብተር ናት። እኛም ለአንድ ሴሚስተር ትምህርት ወደ ውጭ አገር የሄድን አምስት ተማሪዎች ነን፤ አራታችን ወደ አሜሪካ፥ አንዱ ወንድማችን ወደ እንግሊዝ አገር። ማናችንም ሕመምተኛ አልነበርንም። ነገር ግን ጤነኛ መሆናችንን ለማስመስከር ደማችንን ሰጠን፥ ክንዳችንን ተወጋን፥ ከመካከላችንም ራጅ የተነሣ አለ። በዚያ ጊዜ ያየነውና የተማርነው ነገር ወደፊት ለሚሄዱት ጓደኞቻችን ይጠቅማል ብለን ስላሰብን በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናካፍላችሁ ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ቀላሉን እናስቀድም። እንግሊዝ አገር የሄደው ወንድማችን፥ አባቱ የስኳር ሕመምተኛ ስለ ሆኑ፥ በባዶ ሆዱ ደሙን አስመረመረ። ውጤቱም 5.4 ነው ተባለ። ማታ ለአባቱ ስልክ ደውሎ ይህንኑ ቢነግራቸው፥ «አምስት? አምስት የሆነ ሰው ቆሞ ይሄዳል እንዴ! ምን ትጠብቃለህ፥ ማር ላስ እንጂ!» ብለው ጮኹበት። አባትየው እውነት አላቸው። በአገራችን የደም ስኳር የሚለካው በአንድ ዴሲ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ተቈጥሮ ነው፤ በዚህ መለኪያ አምስት የሞት ደጃፍ ነው። እንግሊዞች ግን በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊሞል እንዳለ ይቈጥራሉ። የእነርሱን ቁጥር ወደ እኛው ለመመለስ በ18 ማባዛት ነው፤ ስለዚህ 5.4 ማለት 97 ገደማ ሲሆን፥ ይኸውም የጤነኛ ሰው ነው። በባዶ ሆድ ሲመረመር የስኳር በሽታ ምልክት ነው የሚባለው 126 በእነርሱ መለኪያ 7.0 ይሆናል። ደግሞም 18ን በቃሉ የያዘ ሰው ለኮሌስትሮልም እንዳይገለገልበት፤ የኮሌስትሮል ማባዣው 38.67 ነውና። እኛ ይህን እያወራን ብዙ ሣቅን። ነገር ግን ኢንሱሊን የሚወጋ መንገደኛ ቁጥሩን ያለ መለኪያው ቢያነብ ነገሩ የሚያስቅ አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ማናችንንም አላሳቀንም። አሜሪካ የሚገኙ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሳምባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው አገሮች የሚመጣውን ተማሪ ምርመራ እንዲያደርግ ይጠይቁታል። ይህ ሊያስቀይመን አይገባም፤ የዓለም የጤና ድርጅት ከ2021 እስከ 2025 ላለው ዘመን በሽታው በእጅጉ የጸናባቸው ብሎ ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። አንደኛው የምርመራ መንገድ ቱበርኩሊን የሚባለውን ፈሳሽ በክንድ ቆዳ ውስጥ ጥቂት ወግቶ፥ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ቈይቶ፥ ያበጠውን ጠጣር ነገር በሚሊሜትር መለካት ነው። ፈሳሹ የቈየ ታሪክ አለው። በ1882 የነቀርሳን ተሐዋሲ ያገኘው ሮበርት ኮኽ በ1890 መድኃኒት ይሆናል ብሎ ያወጣው ነው፤ መድኃኒትነቱ ሳይሠምር ቢቀርም ለምርመራ ጠቃሚ ሆኖ እስከ ዛሬ ኖረ።

ከመካከላችን የአንዱ ወንድማችን ክንድ 12 ሚሊሜትር አበጠ። እንደ እኛ ካለ አገር ለመጣ ሰው 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው «አለበት» ተብሎ ይቈጠራል። የለካችው ሠራተኛ ራጅ እስኪነሣ ድረስ ወደ ትምህርት ክፍል እንዳይገባ ነግራው ወረቀቱን ሰጠችው፤ ሌላ ነገር አላስረዳችውም። ወንድማችን ሦስት ቀን ከመኝታ ቤቱ አልወጣም። ማንም ሳያዝዘው ብርጭቆውንና ማንኪያውን ለብቻው ለየ። እናቱ ሲደውሉ «ብርድ መትቶኝ ነው» አላቸው። በአገራችን የዚህ በሽታ ስም በሹክሹክታ የሚነገር መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ፤ አንድ ሰው ታሞበት ልጃቸውን ለመዳር የተቸገረ ቤተ ሰብ በየሰፈሩ አይጠፋም። በሽታው የሚተላለፈው በአየር እንጂ በብርጭቆ አለመሆኑን ወንድማችን በትምህርት ያውቀዋል። ዕውቀቱ ግን ብርጭቆውን ከመለየት አላዳነውም።

ነገሩን ያስረዱን ኋላ ያየናቸው አንዲት ሽማግሌ ሐኪም ናቸው። በኢትዮጵያ ለሕፃናት የሚሰጠው ቢሲጂ የሚባለው ክትባት፥ ይኸውም በ1921 በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው፥ ከነቀርሳ ተሐዋሲ ዘመድ የተሠራ ሕያው ክትባት ነው። ስለዚህ የተከተበ ሰው ቱበርኩሊን ሲወጋ ሰውነቱ «ይህንስ ዐውቀዋለሁ» ብሎ ሊያብጥ ይችላል። አሜሪካኖች ይህን ክትባት ለልጆቻቸው ሁሉ አይሰጡም። ቢሲጂ ለተከተበ ሰው የሚሻለው የደም ምርመራው ነው፤ በእርሱ ውስጥ የሚገቡት ፕሮቲኖች በክትባቱ ውስጥ የማይገኙ ስለ ሆኑ ክትባቱ አያሳስተውም። የወንድማችን ራጅ ንጹሕ ሆነ፤ የደም ምርመራውም «የለበትም» አለ። ሐኪሟ ደግሞ እንዲህ አሉን፤ «ቢኖርበትስ ኖሮ? ተሐዋሲው ተኝቶ ያለ ሰው ለሌላ አያስተላልፍም፤ ሦስት ወይም አራት ወር መድኃኒት ይወስዳል፥ አለቀ።» ይህን ቃል በመጀመሪያው ቀን የሚነግረን ሰው አግኝተን ቢሆን ኖሮ ያ ብርጭቆ ባልተለየ ነበር።

ሦስተኛው የእኅታችን ጉዳይ ነው። በተራ የደም ቈጠራ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሶቿ በአንድ ማይክሮ ሊትር 1,200 ሆነው ተገኙ። በብዙ ላቦራቶሪ የታችኛው ወሰን 1,500 ገደማ ስለ ሆነ ወረቀቱ ላይ ምልክት ተደረገበት። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሆነ፤ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ምን ሕመም ነበረብሽ? ከመቅኒሽ ናሙና መውሰድ ሳያስፈልግ አይቀርም። እኅታችን ግን ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ያስመረመረችውን ወረቀት ይዛ ሄዳ ነበርና አወጣችና አሳየች፤ 1,300 ይላል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት አንድም ጊዜ በብርቱ አልታመመችም። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ የመቅኒውን ነገር ተወው፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቈጠራው እንዲደገም ብቻ አዘዘ።

ምክንያቱም የታወቀ ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ዳፊ የሚባል ምልክት የሌላቸው ሰዎች በደማቸው የሚዘዋወረው የኒውትሮፊል ቁጥር በተፈጥሮው ዝቅ ይላል፤ ይህም በሽታ አይደለም፥ ከተስቦም አያጋልጣቸውም። እንዲህ ያለው ነገር በአፍሪካውያንና በአንዳንድ የመካከለኛው ምሥራቅ ሕዝቦች ዘንድ ይበዛል። የላቦራቶሪው ወሰን የወጣው ግን በአብዛኛው ከሌሎች ሰዎች ደም ነው። ነገር ግን «ኢትዮጵያዊት ናትና ልማዷ ነው» ተብሎም አይታለፍም፤ በአገራችን ምልክቱ ያላቸውም የሌላቸውም አሉና። እኅታችንን ያዳናት የአገሯ ስም ሳይሆን የራሷ የቀድሞ ቁጥር ነው።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ «እኛ ልዩ ነን» የሚለውም አስተሳሰብ ጕዳት አለው። በ2009 የወጣው የኩላሊትን ሥራ መገመቻ ቀመር፥ ተመርማሪው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛው ነበር። ይህ ማለት ኩላሊቱ ከነጩ ሰው እኩል የደከመ ጥቁር ሕመምተኛ በወረቀት ላይ የተሻለ መስሎ ይታይ ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህም ኩላሊት ለመተካት ተራ የሚይዝበት ቀን ይዘገይበት ነበር። በ2021 የሰው ዘር የማይገባበት አዲስ ቀመር ወጣ፤ በአሜሪካም ከ2023 ጀምሮ በአሮጌው ቀመር ተራቸው የዘገየባቸው ጥቁር ሕመምተኞች የጥበቃ ዘመናቸው እንዲታረምላቸው ሆነ። እንግዲህ ስሕተቱ በሁለት በኩል ይመጣል ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ያለው ልዩነት ሳይታይ ይቀራል፥ ሌላ ጊዜ የሌለ ልዩነት ይፈጠራል። በሁለቱም መካከል የሚያቆም አንድ ምስክር ቢኖር፥ ያው ሰው ትናንት ምን ያህል ነበር የሚለው ነው።

ስለዚህ ለሚሄዱት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምንለው ይህን ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ተራውን የደም ቈጠራ፥ የስኳሩን፥ የኩላሊቱን ምርመራ አድርጉና ወረቀቱን ያዙ፤ በስልካችሁ ፎቶግራፍ ብታነሡትም ይበቃል። ቢሲጂ የተከተባችሁበትን የልጅነት ካርድ እናቶቻችሁ ከሣጥን ፈልገው እንዲያወጡላችሁ ለምኑ። እዚያም ስትደርሱ ውጤት ሲነገራችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የምርመራው ስም ምንድር ነው? የተለካው በምን መለኪያ ነው? ወሰኑስ ከየት እስከ የት ነው? ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ሐኪምን ማክበርም ዝም ማለት አይደለም።

ለማኅበራችን ደግሞ አንድ አሳብ አለን። ተማሪ በክሊኒክ ሲመረመር ብዙውን ጊዜ የሚነገረው «ደኅና ነህ» የምትል ቃል ብቻ ናት፤ ወረቀቱ እዚያው መዝገብ ቤት ይቀራል። «ደኅና ነህ» የምትለዋን ቃል ባሕር ማዶ ይዞ ሄዶ ለማን ያሳያል? የተማሪዎች ማኅበር ከሚመለከታቸው ሰዎች ጋር ተነጋግሮ፥ ማንኛውም ተማሪ የተመረመረበትን ውጤት ከነመለኪያውና ከነወሰኑ በእጁ እንዲቀበል ቢያስደርግ፥ ወጪው የአንድ ገጽ ወረቀት ነው። በሚመጣው ሴሚስተር ወደ ውጭ ለትምህርት የሚሄዱ ጓደኞች እንዳሉ ሰምተናል፤ እነርሱ ከመሄዳቸው አስቀድሞ ጉዳዩ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ እንዲነሣ እንለምናለን።