ድምፅ መስጫው ላይ ያልነበረው ስም

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ነው የተናገርኩት። «እኔ ዘንድሮ ሪክ ሳንቶረምን ነው የምደግፈው» አልኩ። ባለቤቴ ሲኒውን አስቀመጠ። እኅቴ ግን የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

እ.ኤ.አ. በ2012 ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ፣ እሑድ ቀን ነበር። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሪፐብሊካኖች ኦባማን የሚገጥመውን ሰው የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ፣ እዚህ ፕራይመሪ የምንለው፣ ተጀምሯል። እኅቴ መሳቋ አይፈረድባትም። ከአራት ዓመት በፊት የኦባማን ካናቴራ ለብሼ የጎረቤት በር ሳንኳኳ የከረምኩት እኔ ነኝ። ቨርጂኒያ ከ1964 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዴሞክራት ፕሬዚዳንት ስትመርጥ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩትም እኔው። በእኛ አበሾች መካከል ደግሞ «ወግ አጥባቂ እደግፋለሁ» ማለት በፋሲካ ማግስት «ጾመኛ ነኝ» እንደማለት ነው። ሰው ምን ነካት ይላል።

ነገሩ የመጣው በማሙሽ በኩል ነው። ማሙሽ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ዳውን ሲንድረም አለበት። እርጉዝ ሳለሁ የምርመራው ውጤት የመጣ ዕለት ሐኪሙ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ወሰናችሁ?» የሚል ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁም ለስላሳ ነበር። ግን ስለ ልጁ አንድም ነገር ሳይነግረኝ ውሳኔዬን ነው የጠየቀኝ። ያ ጥያቄ ከውስጤ አልወጣም።

ሳንቶረም የሰባት ልጆች አባት ነው። የመጨረሻዋ ልጁ ቤላ በ2008 የተወለደችው ትራይሶሚ 18 ከሚባል ከባድ የክሮሞዞም ችግር ጋር ነው። እንዲህ ሆነው ከሚወለዱ ሕፃናት አብዛኞቹ የመጀመሪያ ልደታቸውን አያዩም። በጃንዋሪ መጨረሻ የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ስትገባ አባቷ የፍሎሪዳ ቅስቀሳውን ትቶ ወደ እሷ ሄደ። ዜናውን የሰማሁት ለማሙሽ ምሳ እያጎረስኩ ነው። በዚያች ደቂቃ ሰውየው ለእኔ ፖለቲከኛ መሆኑ ቀረ።

ባለቤቴ ግን ታክሲ ነጂ ነው፤ ሒሳብ ያውቃል። «የማሙሽን ቴራፒ የሚከፍለው ማነው?» አለኝ። ሜዲኬይድ ነው። ሳንቶረም ደግሞ የሜዲኬይድን ወጪ ገድቦ ገንዘቡን በጥቅል ለየስቴቱ ማከፋፈል ይፈልግ ነበር። «ልጁን እንዲህ የሚወድ ሰው የእኔን ልጅ አይጥልብኝም» አልኩት። «ይኼ መውደድ ነው፤ በጀት አይደለም» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እውነት ለመናገር ዛሬም የለኝም።

የራሴም ቅሬታ ነበረኝ። በዚያው ወር ሳንቶረም ኦሃዮ ላይ፣ ኢንሹራንሶች የእርግዝና ምርመራን በነፃ እንዲሸፍኑ መገደዳቸው ፅንስ ማስወረድን ያበዛል ብሎ ተናገረ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ የኔን ሐኪም ጥያቄ አስታውሳለሁና። ግን ያንን ምርመራ ባላደርግ ኖሮ ማሙሽ ሲወለድ የልብ ሐኪም አዘጋጅቼ አልጠብቀውም ነበር። እዚህ ላይ ሰውየው ተሳስቷል አልኩ፤ መደገፌን ግን አልተውኩም። ባል ከሚሳሳተው ሁሉ ጋር አብሬ እየኖርኩ አይደል?

ቆርጬ ልመርጠው ስል ስሙ የለም። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ በፓርቲ ስለማይመዘገብ እኔን ገብቶ ከመምረጥ የሚከለክለኝ አልነበረም። ዕጩው ግን ድምፅ መስጫው ላይ ለመግባት 10,000 የመራጮች ፊርማ ማሰባሰብ ነበረበት፤ ያውም ከ11ዱም የኮንግረስ ወረዳዎች ከእያንዳንዳቸው ቢያንስ 400። ኒውት ጊንግሪችና ሪክ ፔሪ ያቀረቡት ፊርማ አልበቃም ተባሉ። ሳንቶረም ጭራሽ አላቀረበም። የሚገርመው እሱም ጊንግሪችም ያኔ ይኖሩ የነበረው እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ የገዛ ጎረቤቶቻቸው እንኳ ሊመርጧቸው አልቻሉም። ስሙን በእጅ ጽፎ ማስገባትም በፕራይመሪ አይፈቀድም። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

እልህ ያዘኝ። ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ፣ ከቅስቀሳ ቡድኑ በተሰጠኝ ዝርዝር ኦሃዮ ላሉ መራጮች መደወል ጀመርኩ። አብዛኞቹ ጆሮዬ ላይ ዘጉት። አንዲት አሮጊት ግን አነጋገሬን ሰምተው «ከየት ነሽ ልጄ?» አሉኝ። ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው «እዚያም ሪፐብሊካን አለ?» ብለው ሳቁ። ስለ ማሙሽ ነገርኳቸው። ዝም አሉና የእሳቸውም ልጅ እንደሱ እንደሆነ፣ አርባ ዓመት እንዳለፈው፣ ጠዋት ጠዋት አልጋቸውን የሚያነጥፍላቸው እሱ እንደሆነ አጫወቱኝ። እኔ ከሞትኩ ማን ያየዋል አሉ። ብዙ አወራን። ለማን እንደሚመርጡ ሳልጠይቃቸው ተሰነባበትን።

ማርች 6፣ ማክሰኞ፣ ማሙሽን ይዤ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ወደሚገኘው ምርጫ ጣቢያ ሄድኩ። ሁለት ስም ብቻ ነው ያለው፤ ሚት ሮምኒና ሮን ፖል። ማሙሽ ቀሚሴን እየጎተተ ጥቂት ቆምኩ፤ ከዚያ ከሁለቱ አንዱን መረጥኩ። የትኛውን እንደሆነ ለባለቤቴ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ማታ ሳንቶረም ኦሃዮን ከአንድ በመቶ ባነሰ ልዩነት ተሸነፈ። አሮጊቷ ትዝ አሉኝ።

በኤፕሪል ቤላ እንደገና ሆስፒታል ገባች። ኤፕሪል 10 ቀን ሳንቶረም በፔንስልቬኒያ፣ ጌቲስበርግ ከተማ ቆሞ ቅስቀሳውን ማቆሙን ተናገረ። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ አገኘኝ። እንዳልኩሽ ሆነ ይለኛል ብዬ ፊቴን አጠቆርኩ። ጃኬቱን አወለቀና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ልጅቷስ እንዴት ናት?» አለኝ።

«ትናንት ወጥታለች» አልኩት።