የአባቴ ፋብሪካ እና የልጄ ሙዚቃ

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ የታጠበ ልብስ ይዤ ወደ ልጄ ክፍል ገባሁ። እሱ ሻወር ቤት ነበር፤ ላፕቶፑ አልጋው ላይ ተከፍቷል። ስክሪኑ ላይ ያየሁት ሥዕል እንቅልፍ ነሳኝ። በእሳት መካከል መስቀሎች፣ በመስቀሎቹ ላይ የተሰቀሉ ሰዎች። የሙዚቃ አልበም ሽፋን ነው።

ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ለእህቴ ደውዬ ብነግራት ሳትጨርሰኝ «ፀበል ውሰጂው» አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ «ዕድሜው ነው፣ ይተወዋል» ብሎ ወደ ኳሱ ተመለሰ። እኔ ሁለቱንም አልሰማሁም። ሄድፎኑን ቀምቼ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ቀናት ከልጄ አፍ «እሺ» እና «አልፈልግም» ከሚሉት በቀር ሌላ ቃል አልወጣም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሥዕሉ ሰበብ ሆነኝ እንጂ ንዴቴ ከዚያ በፊት የጀመረ ነው። ልጄ ሄድፎኑን ጆሮው ላይ አድርጎ ሳሎን ሲቀመጥ፣ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሙዚቃው ይሰማኝ ነበር። በቤታችን ደግሞ ጆሮ ቀልድ አይደለም።

አባቴ ከኛ ጋር ነው የሚኖረው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሽመና ክፍል ሠርቷል። ልጅ ሳለሁ ከፈረቃ ሲመለስ ቤታችን ጭጭ ይል ነበር። ሬዲዮ የሚከፈተው እሱ ሲወጣ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የማሽን ጩኸት ሲደበድበው ውሎ ጸጥታ ስለሚርበው ነው። ትንሽ ቆይቶ «ምን አላችሁ?» ማለት አበዛ። ዛሬ ጆሮው ሥር ካልጮህንለት አይሰማም። ሐኪሙ ምክንያቱን ሲነግረን አላባበለንም፤ ለዓመታት የሰማው የማሽን ድምፅ ነው፣ የሞተው የጆሮ ክፍልም ተመልሶ አይበቅልም አለን።

በአሥረኛው ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ልጄ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «እማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አብረሽኝ ስሚው። ከዚያ ከፈለግሽ ትጥይዋለሽ።» እጄን ታጥቤ ሳሎን ገባሁ። ትልቁን ስፒከር ከፈተ።

አልበሙ በ1989 የወጣ ነው፤ ስሙ «ስትሪትክሊነር»፣ ቡድኑ ጎድፍሌሽ። ከእንግሊዟ ከበርሚንግሃም ከተማ የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ጊታር ይዞ ይጮሃል፣ ሌላው ቤዝ ይመታል። ከበሮ መቺ የላቸውም፤ ከበሮውን የሚመታው ማሽን ነው። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በጥርሴ ነክሼ አሳለፍኳቸው። ዜማ እፈልጋለሁ፣ ዜማ የለም። ቃሉን ልያዝ እላለሁ፣ ቃሉ ጩኸት ነው። ልነሳ ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ሰው ከበሮ ሲመታ ይደክማል፣ ይፈጥናል፣ ስሜቱ ይለዋወጣል። ይሄ አይደክምም። ማንም ኖረ አልኖረ እኩል ይወርዳል፣ ይነሳል። ድንገት የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ የአባቴን ምሳ በሰርቪስ ይዤ ፋብሪካው በር ላይ ቆሜያለሁ፣ መሬቱ ከጫማዬ ሥር ይንቀጠቀጣል።

«ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ» አልኩት።

ልጄ ያየኝ አስተያየት እስካሁን ፊቴ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ያጠራቀመውን ወሬ ዘረገፈው። ያስደነገጠኝ ሽፋን በ1980 ከወጣ «አልተርድ ስቴትስ» የተባለ ፊልም የተወሰደ ምስል ነው አለኝ። (ደስ አላለኝም፤ ዛሬም አልወደውም።) በርሚንግሃም የፋብሪካ ከተማ ናት። የሄቪ ሜታል ሙዚቃ አባት ከሚባሉት አንዱ፣ የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ፣ በ17 ዓመቱ እዚያው ከተማ በቆርቆሮ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽኑ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ የማይከብዱ ክሮችን ፈለገ፤ በኋላም ክሮቹን እያላላ መጫወት ጀመረ። ዓለም ዛሬ «ሄቪ» የሚለው ያ ወፍራም ድምፅ አንድ መነሻው የተቆረጠ ጣት ነው። ይህን ስሰማ የአባቴ የሥራ ባልደረቦች እጅ ትዝ አለኝ፤ እኛ ልጆቹ የጎደለ ጣታቸውን ሰርቀን እናይ ነበር።

አሁን ቅዳሜ ማታ የአልበም ማታችን ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ መዝለል የለም። አንዱን ቅዳሜ እሱ፣ አንዱን እኔ እመርጣለሁ። ሁሉም አልተዋጠልኝም። «የሚፈርሱ አዳዲስ ሕንፃዎች» የሚል ትርጉም ያለው ስም የያዙ የበርሊን ልጆች በ1981 «ኮላፕስ» የሚል አልበም ሠርተዋል፤ ቁርጥራጭ ብረት እየደበደቡ። እኔ እንኳን ይሄንን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከጎረቤት ግንባታ በነፃ እሰማዋለሁ።

ያልጠበቅኩት ግን አገሬን እዚያ ውስጥ ማግኘቴ ነው። ልጄ አንድ ቅዳሜ የግብፃዊውን የሃሊም ኤል-ዳብን ሥራ አመጣ። ሰውየው በ1944 ካይሮ ውስጥ የሴቶችን የዛር ሥነ ሥርዓት በሽቦ መቅረጫ ቀርጾ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ወስዶ ድምፁን እየለዋወጠ ሙዚቃ አደረገው። በዓለም ላይ ከተሠሩት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ሳሎኑን የሞላው ከሩቅ የሚመጣ የሴቶች ድምፅ ነው፤ ግድግዳ የተሻገረ ይመስላል። ዛርን ለምናውቅ ሰዎች ያስፈራል፣ ያባባልም። ይህ ሰው በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመውም እሱ ነው። ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ።

እኔ በተራዬ የኃይሉ መርጊያን የ1985 አልበም መረጥኩ። ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ ለብቻው የሠራው ነው። ኃይሉ ከዚያ በኋላ እዚያው ለዓመታት ታክሲ ነድቷል፤ አልበሙ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አወቀው። ልጄ ድራም ማሽኑን ሲሰማ ብድግ አለ። «እማ፣ ይሄ ያው ማሽን ነው እኮ! እዚህ ግን ይጨፍራል።»

ሄድፎኑን መልሼለታለሁ፤ ግን በውል። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ያስቀመጠው ልክ 75 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። የሱ ስልክ ልኩን ራሱ ያሳያል፤ እሑድ እሑድ አብረን እናየዋለን። መጀመሪያ ቀን ስናየው የሁለታችንም ፊት ተለወጠ። አልጮህኩበትም። አያቱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀና ብሎ እሳቸውን አየና ድምፁን ራሱ ቀነሰ።

አባባ ቅዳሜ ማታ ጋቢውን ተከናንቦ ከኛ ጋር ይቀመጣል። ሙዚቃው አይደርሰውም፤ የኛን ፊት ያያል። በቀደም «ስትሪትክሊነር» በድጋሚ ተራው ደርሶ ሲጫወት ልጄ ተነሳና የአያቱን እጅ ይዞ ስፒከሩ ላይ አስቀመጠው። አባባ ሊያነሳው አሰበና ተወው። መዳፉን ዘርግቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የዱሮ ማሽኑን እንደሚመረምር ሠራተኛ ብዙ ቆየ። ከዚያ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ፦

«ይሄ ማሽን ዘይት ይፈልጋል» አለ።

ልጄ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ሄደና ለአያቱ ከመጀመሪያው ጀመረለት።