ስሙን ያወቅሁት አፈር

የአፈር ትምህርት የጀመረ ተማሪ ለክረምት ዕረፍት ወደ አገሩ ሲገባ ልቡ ማበጡ አይቀርም፤ የኔማ ካበጠም አልፎ ነበር። ቢቸና አጠገብ ያለውን የአባቴን መረሬ፥ ሌላው አገር ዋልካ የሚለውን፥ አየሁና «ቬርቲሶል ነው፤ ሸክላው ከመቶ 30 እጅ በላይ የሆነ፥ በበጋ የሚሰነጠቅ፥ በክረምት የሚያብጥ» ብዬ ፈረድሁ። ስሙን ማወቄ መሬቱን ማወቅ መሰለኝ። አባቴ እንደ ልማዳቸው ውሃው ጠፈፍ እስኪል ጠብቀው ሽምብራ ሊዘሩበት ሲያስቡ፥ «ክረምቱን ሙሉ ጦሙን ከሚያድር ስንዴ እንዝራበት» አልኋቸው። «ልጄ ተምሯል» ብለው እሺ አሉ። ይህ እሺታቸው ዛሬም ያሳፍረኛል።

ነሐሴ ሲገባ ማሳው ኩሬ ሆነ። ከላይ በኩል ጥቂት ሲተርፍ የቀረው ስንዴ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ምክንያቱን እንኳ መጽሐፉ ያውቀዋል፤ ውሃ የአፈሩን ቀዳዳ ሲሞላው ሥሩ አየር ያጣል፥ ናይትሮጅኑም ወደ ጋዝ ተለውጦ ያመልጣል። ዘሩና ማዳበሪያው ግን በብድር የተገዛ ነበር።

በጥር ተመልሼ ጉድጓድ ቆፈርሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ውሃው ከታች የሚወጣ ነው ወይስ ከላይ ዘንቦ መውረጃ ያጣ? መድኃኒታቸው ይለያያልና። ጓሉን ሰብሮ ማየት ነው፤ ውስጡ ዝገት መስሎ ውጭው ከገረጣ ውሃው የላይ ነው፤ ዝገቱ በጓሉ ፊትና በሥር መተላለፊያ ዳር ሆኖ ውስጡ ግራጫ ከሆነ የታች ነው። ለፈተና ግሩም መልስ ነው! የኛ መረሬ ግን ከጥቁረቱ የተነሣ ቀለሙን ሁሉ ውጦት፥ የቀለም መጽሐፌን ይዤ ግማሽ ቀን ዓይኔን ሳጨነቁር ዋልሁ።

አባቴ ከዳር ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው።

«እሱማ የላይ ነው» አሉ። «ከታች ቢሆን በበጋ የቆፈርሁት ጉድጓድ ደረቅ ባልሆነ። ከግራሯ በላይ ያለው ዘንበል ያለ ነው፤ ፈሰስ ቢወጣለት ስንዴ ያበቅላል። ከግራሯ በታች ግን ለጥ ያለ ነው፤ የላዩ ውሃ ሁሉ እሱ ላይ ይተኛል።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«መጽሐፉ ሌላ የሚያውቀው ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ ነዋ።»

በአገራችን ቬርቲሶል የሚባለው ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ይገመታል፤ እኔ ግን የአንዲቱን ማሳ ስም እንኳ በማስታወሻዬ ላይ ሰርዤ ለሁለት ከፈልኋት። ዘንድሮ ከግራሯ በላይ ሰፋፊ መደብ አውጥተን ስንዴ ዘራን፤ ታችኛው ሽምብራውን ይጠብቃል። ዕዳው ገና አላለቀም።