1:80

ባለፈው ወር ታላቅ እህቴ አንድ ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ እያሉ ስላስቸገሯት ቶር ኃይሎች አካባቢ ደም ሰጥታ ነበር። ወረቀቱ «ኤኤንኤ ፖዚቲቭ፣ 1:80» ይላል። ያብራራላት ሰው የለም። ታክሲ ውስጥ ስልኳ ላይ ፈልጋ «ሉፐስ» የሚል አገኘች፤ በቃ፣ አየር ጤና ሳትደርስ ራሷን ቀብራ ጨርሳለች።

«ልጆቼን አደራ» አለችኝ። ምን ልበላት?

የሒሳብ መምህር አይደለሁ? «አንድ ሰማንያኛ እኮ ትንሽ ናት» ብዬ አጽናናኋት። ለካ ተሳስቻለሁ። ማታ ላብራቶሪ ለሚሠራ የድሮ ተማሪዬ ደወልኩ። ሳቀብኝ። «ቲቸር፣ እንደ ክፍልፋይ አታንብበው፤ የቀጠነበት መጠን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከበሽታ የሚከላከሉልን አንቲቦዲዎች አንዳንዴ ተሳስተው የገዛ ሴላችንን ኒውክለስ ዒላማ ያደርጋሉ። ምርመራው እነሱን ይፈልጋል። የደሙን ውሃማ ክፍል 40፣ 80፣ 160 እጥፍ እያቀጠኑ ላብራቶሪ ባደጉ ሴሎች ላይ ያደርጉታል፤ የሚያበራ ቀለም ጨምረው በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ለመጨረሻ ጊዜ ያበራበት ቁጥር ይጻፋል። ስለዚህ ከ1:80 ይልቅ 1:640 ነው የሚያሳስበው። ተማሪዎቼ፣ ያን ሁሉ ቀይ ኤክስ ያሰመርኩባችሁ ሰው ይሄን አላወቅኩም ነበር!

ደግሞ ጤነኛ ሰውም ፖዚቲቭ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት በ1:80 ከ100 ጤነኛ ሰዎች 13ቱ ገደማ ፖዚቲቭ እንደሚሆኑ አሳይቷል። እኛ መምህራን ማረፊያ 60 ጤነኛ ሰው ቢቀመጥ ወደ 8 ይጠጋል ማለት ነው። ኢንፌክሽንም ያመጣዋል፤ እዚሁ ክፍለ ከተማችን ያለው አለርት የተቋቋመበት የሥጋ ደዌ ሳይቀር።

እንዲህ ስላችሁ ግን ወረቀቱን ጣሉት አላልኩም። ሉፐስ ያለበት ሰው ሁሉም ማለት ይቻላል ኤኤንኤው ፖዚቲቭ ነው። ፖዚቲቭ የሆነ ሁሉ ግን ሉፐስ የለበትም። ይህቺን መገልበጥ ነው እህቴን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የነሳት።

በኋላ ያየቻት ሐኪም ከወረቀቱ በፊት እሷን ነው ያየችው። ፊትሽ ላይ ሽፍታ አለ? አፍሽ ይቆስላል? ፀጉርሽ ይረግፋል? ኩላሊቷ እንዳልተነካ ለማየት የሽንት ምርመራ አዘዘች፣ የደም ሴል ቆጠራም ጨመረች። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ስሰማ እግሬ ከዳኝ።

ጣቶቿ ግን አሁንም ጠዋት ይደርቃሉ። የመገጣጠሚያ ብግነት መሆን አለመሆኑን ለመለየት ሌላ ደም ሰጥታለች። ውጤቱ ሐሙስ ነው። አብሬያት እሄዳለሁ።